አባዬ ያለባቸው ቀኖች

ለጭነት መኪናዬ ስም ያወጡላት አማቴ ናቸው። "ባልቴቷ" አሏት፣ ለስድብ። እኔ ግን ስሙን ወደድኩትና በጋቢናዋ ግንባር ላይ በቀይ ቀለም አስጻፍኩት። እስከ ዛሬ ባዩት ቁጥር ያንገበግባቸዋል።

ሰው ሁሉ አንድ የሚያምንበት ነገር አለው። እኔ የማምነው ሞተር በማሞቅ ነው። መንዳት ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሹፌር "ሳታሞቅ አትንዳ፤ የማትነዳ ቀንም ቢሆን አሙቃት፣ ትቀየምሃለች" ብለውኛል፣ እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማለዳ አላጓደልኩም። ጠጠር ጭኜ ሦስት ቀን መንገድ ላይ እሆናለሁ፣ ከዚያ ሦስት አራት ቀን ቤቴ አርፋለሁ። ባረፍኩበት ቀንም ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ ግቢ ውስጥ ባልቴቷን አስነሳታለሁ። መጀመሪያ ታስላለች። ቀጥሎ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ በማርሚታዋ ጥቁር ጭሷን ቡልቅ ታደርግና ቀስ በቀስ ድምጿ ይጠራል። ሃያ አምስት ደቂቃ። እነዚያን ሃያ አምስት ደቂቃዎች መስታወቷን እየወለወልኩ ሳሳልፍ በዓለም ላይ የሚያህለኝ የለም። የጭስ ማውጫዋ ጫፍ ከልጄ መስኮት ሁለት ሜትር ነው የሚርቀው። ይህን የለካሁት ግን በኋላ ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አስም አለባት። የሰፈሩ ልጆች "ዳኛዋ" ነው የሚሏት። ኳስ ሲጫወቱ ሩጫው ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት ዳኛ አደረጓት፤ ፊሽካ መንፋቱም ስላልሆነላት የድስት ክዳን በማንኪያ እየደበደበች ትዳኛለች። ቀልድ አታውቅም። አንድ ጊዜ በገዛ አክስቷ ልጅ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥታ ዘመድ አዝማዱ ለሁለት ተከፍሎ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፏል። ቤታችን ውስጥ የመጨረሻውን ብስኩት ማን እንደበላው የምትመሰክረው እሷ ናት፣ እኔ ደግሞ ብስኩት እወዳለሁ። በሐቀኝነቷ የምኮራውን ያህል እፈራታለሁ።

ያን ዓመት ሕመሟ ባሰ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሸክመናት ድንገተኛ ክፍል ገባን። ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው አይቶ የማያውቅ ሰው የምለው አይገባውም። የአንገቷ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ትከሻዋ ይወጣል ይወርዳል፣ ዓይኗ አንተን ያያል። አንተ፣ ሃያ ቶን ጠጠር የምታጓጉዝ ሰውዬ፣ እዚያ ተገትረህ አንዲት ጉንጭ አየር ልትሰጣት አትችልም። 

የምታክማት ዶክተር ወጣት ናት፣ ግን ኮስታራ ናት። "የሚቀሰቅስባትን ነገር ፈልጉ" አለችን። "አቧራ ሊሆን ይችላል፣ ጭስ፣ የእንስሳት ፀጉር፣ ሽቶ። ቤታችሁን መርምሩ።"

እኔም ወገቤን ታጥቄ ምርመራ ጀመርኩ። "ጭስ" የሚለውን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጆሮዬ ዘሎት ሄደ። ምንጣፉን ጠቅልዬ አወጣሁ። ድመቷን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ በሦስተኛው ቀን ራሷ ተመለሰች፣ ደግሜ ሰጠኋት፣ ደግማ ተመለሰች፣ በመጨረሻ ጎረቤቱ አብሯት መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይዟት ሄደ። የላባ ትራሱን ጣልኩት። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ብናኝ አለው ብዬ የስፌት መኪናዋን ከሳሎን ወደ በረንዳ አሰደድኩት። አማቴ ፊታቸውን የሚቀቡትን ፓውደር ደግሞ ሰርቄ ጋቢና ውስጥ ደበቅኩት። በማግስቱ መንገድ ላይ ያስቆመኝ ትራፊክ ፖሊስ አገኘውና አንዴ ፓውደሩን፣ አንዴ ፊቴን አየ።

አማቴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆመው ጣታቸውን ወደ ግቢው ቀሰሩ።

"ያ ጭስ ነው" አሉ።

"እማማ፣ ጭሱ ውጭ ነው፣ ልጅቷ ውስጥ ናት" አልኩ።

"አንተ ውጭ መስታወትህን ስትወለውል እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል። ጭሱን ማን ከለከለው?"

"የናፍጣ ጭስ ከባድ ነው እኮ፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። መስኮት አይወጣም።"

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ፈጣሪ ይወቀው። ሚስቴ ስትሰፋ ስፒል በከንፈሯ ትይዛለች፤ ነገር መክረሩ የሚታወቀው ስፒሉን ከአፏ ስታወጣ ነው። ያን ቀን አላወጣችም። ስለዚህ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሯ የትንፋሽ መለኪያ ሰጠችን። ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ቆመህ አየር በደንብ ትስብና ባለ በሌለ ኃይልህ እፍ ስትልበት ጠቋሚው ሄዶ አንድ ቁጥር ላይ ይቆማል። የልጄን ያህል ቁመት ላላት ልጅ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ ከመቶ ሰባ በታች ከወረደ ግን ደረቷ ጠቧል ማለት ነው። ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ትነፋለች፣ ከሦስቱ ትልቁ ይጻፋል። "የአንድ ወር መዝገብ ይዛችሁልኝ ኑ" አለች።

ቤት እንደገባን መጀመሪያ የነፋሁት እኔ ነኝ፤ አራት መቶ ሰባ። አማቴ ሁለት መቶ ስልሳ ነፉና "መሣሪያው ልክ አይደለም" ብለው ሦስት ጊዜ ይግባኝ አሉ። ሚስቴ ስፒሏን ማውጣት ስላልፈለገች ቀረባት። በመጨረሻ ዳኛዋ ነጠቀችንና "የሁላችሁም ምራቅ ነው" ብላ አጥባ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

መዝገቡን ያሰመሩት አማቴ ናቸው። በማስመሪያ ሁለት ዓምድ አወጡ፣ ዳኛዋም በራሷ ጽሕፈት በአንዱ ላይ "አባዬ ያለባቸው ቀኖች"፣ በሌላው ላይ "አባዬ የሌለባቸው ቀኖች" ብላ ጻፈች። ነገሩ ግልጽ ነው፤ እኔ ስኖር ባልቴቷ በየማለዳው ትነሳለች፣ እኔ ስሄድ ባልቴቷም የለችም።

"እንግዲህ መዝገቡ ይፍረድ" አልኩ ደረቴን ገልብጬ።

"መዝገቡ ከፈረደባት" አሉ አማቴ፣ "ያቺ ባልቴት ከዚህ ግቢ ትወጣለች።"

ደሜ ፈላ። "እሷ የወጣች ቀን እኔም ጋቢናዋ ውስጥ ተቀምጬ እወጣለሁ! ወጥቼም አልመለስ!" አልኩ።

ሰው ሲናደድ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል። ከቁም ነገር የቆጠረኝ አልነበረም። ሚስቴ ስፒሏን እንኳ አላነቃነቀችም፤ አማቴ "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" ብለውኝ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ዳኛዋ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ በመዝገቡ ጠርዝ የቀኖቹን ቁጥር ትጽፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር የሕይወቴ ምርጥ ወር ነበር ማለት እችላለሁ። መዝገቡ ለእኔ ይመሰክር ጀመር። የሌለሁባቸው ቀኖች ሁለት መቶ አምስት፣ መቶ ዘጠና፣ ሁለት መቶ አሥር፣ መቶ ዘጠና አምስት። ያለሁባቸው ቀኖች ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃያ አምስት፣ ሁለት መቶ ሃያ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ልጄ አባቷ ሲኖር ይበልጥ ትተነፍሳለች! መዝገቡን በብብቴ ይዤ ሰፈሩን አዳረስኩ። ለጎረቤቱ አሳየሁት፣ ለዳቦ ሻጩ አሳየሁት፣ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ እንኳ በር ላይ አቁሜ አስነበብኩት። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አውልቀው ጠረጉት፣ አድርገው እንደገና አዩት።

"እዚህ ቤት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆን?" አልኩ ወደ ጣሪያው እያየሁ።

"ቁጥሮቹን ደግሜ አያቸዋለሁ" አሉ።

"ይዩአቸው እንጂ፣ እማማ። በገዛ እጅዎ ያሰመሩት ነው።"

ድሉ ዓይኔን ጋርዶት ነው እንጂ የሚታይ ነገር ነበር። ሲያፍናት የምትስበው ሰማያዊው መድኃኒት በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አለቀ፤ እኔ ሄጄ ፋርማሲስቱን "ግማሽ ነው የምትሸጥልኝ" ብዬ ተጣላሁት። ዳኛዋ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ፣ ብዙ ትቆይ ነበር፤ "ንጽሕና ወዳድ ሆነችልኝ" አልኩ። መለኪያውንም ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ነበር የምትነፋው። "ሰው ሲያየኝ ሳቄ ይመጣል" ትላለች። ያቺ ልጅ እኮ በሳቅ የምትታማ አይደለችም።

በቀጠሮው ቀን አራታችንም ጋቢና ውስጥ ተጣበን በባልቴቷ ሄድን። ነጻ ልትወጣ ነው ብዬ አጥቤያታለሁ።

ዶክተሯ መዝገቡን ገለጠች፣ አየች፣ ፈገግ አለች። እኔ በጎን ዓይኔ አማቴን አየኋቸው። እሳቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሳንባ ሥዕል እያጠኑ ነበር።

"በጣም ጥሩ ነው" አለች ዶክተሯ። "እንዲህ ከቀጠለች በየቀኑ የምትወስደውን መከላከያ በግማሽ ልንቀንስላት እንችላለን። ለማንኛውም እስቲ እኔ ፊት አንዴ ንፊልኝ፣ የኔ ቆንጆ።"

ቤት ካረፍኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ልጄ ተነሳች፣ እኔን አየች፣ ነፋች።

መቶ ሠላሳ አምስት።

"እስቲ ድገሚው።" መቶ አርባ። "አንዴ ብቻ።" መቶ ሠላሳ።

"መለኪያው ነው!" ብዬ ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ነጥቄ ነፋሁበት። አራት መቶ ሰማንያ። እኔማ እንዲያውም ጨምሬያለሁ። ዶክተሯ ከመሳቢያዋ ሌላ መለኪያ አወጣች፤ ልጄ በእሱም መቶ ሠላሳ አምስት ነፋች። ዶክተሯ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ የልጄን ጀርባ ቦታ እየለዋወጠች አዳመጠች። ከዚያ መዝገቡን መልሳ አንስታ በአንደኛው ዓምድ ላይ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አንሸራተተች።

"የሰው ትንፋሽ ከቀን ቀን ከፍ ዝቅ ይላል" አለች ቀስ ብላ። "አባዬ የሌለባቸው ቀኖች ከፍ ዝቅ ይላሉ። አባዬ ያለባቸው ቀኖች ግን የተሰለፉ ወታደሮች ናቸው። የጻፋቸው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ዳኛዋ።

"ያየሽውን ነው የጻፍሽው?"

ልጄ ጫማዋን አየች። የእናቷን ጉልበት አየች። መዋሸት ለምዳ ስለማታውቅ ሲጠይቋት ምን እንደሚደረግ አታውቅበትም።

"አይደለም።"

"ያየሽውስ ስንት ነበር?"

"መቶ ሃምሳ። መቶ አርባ። አንድ ቀን መቶ ሃያ።" ሁሉንም ቀን በቀን በቃሏ ይዛዋለች። ጠዋት ባልቴቷ ስትነሳ ደረቷ ይጠብባታል፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ እንዳንሰማት ውሃ ከፍታ ትስላለች፤ ሰማያዊውን ትስባለች፤ ከዚያ ወጥታ ሁለት መቶ ሃያ ብላ ትጽፋለች። ይህን ሁሉ ለዶክተሯ ስትነግር የኳስ ውጤት የምትናገር ነበር የምትመስለው።

"ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አልኳት። ልቆጣ ነበር የተነሳሁት፣ ድምፄ ግን መንገድ ላይ ከዳኝ።

"ቁጥሩ ዝቅ ካለ ባልቴቷ ትወጣለች" አለች። "እሷ ከወጣች አንተም አብረህ ትወጣለህ። ወጥተህም አትመለስም።"

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"አንተ።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች፣ "ሰማህ?" አለችኝ። አማቴ አሁን ይጨፍሩብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው መሀረብ እየፈለጉ፣ "ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አለሁበት" አሉ። ይህን ስሰማ ባሰብኝ። የጠጠር መኪና ሹፌር ሲያለቅስ ድምፁ እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ አንዲት ነርስ ሮጣ ገብታ "የታመመው የቱ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ልጄ ፊት በርከክ አልኩ። "ስሚኝ፣ ያን ቀን ያልኩት የንዴት ነው። ውሸት ነው።"

"ውሸት?" አለች ዓይኗን አጥብባ።

"አዎ፣ ውሸት።"

"እንግዲያው ሁለታችንም ቢጫ ካርድ ነን" አለች። "ቀይ አልሰጥህም፣ ቀይ ያስወጣል።"

ዶክተሯ ለልጄ ጭምብል አድርጋላት እንፋሎት የሆነ መድኃኒት እያሳበቻት፣ በየቀኑ የምትወስደውን መከላከያ በመቀነስ ፋንታ ጨመረችላት። "ያን መዝገብ አምኜ ብቀንስባት ኖሮ..." አለችና ተወችው። እኔ ግን በልቤ ጨረስኩት። አሁንም አንዳንድ ጊዜ፣ መንገድ ላይ ስነዳ፣ ሳልፈልግ እጨርሰዋለሁ።

ሦስቱን በታክሲ ወደ ቤት ላክኋቸውና ባልቴቷን ጠጠር ማራገፊያው ግቢ ወስጄ አቆምኳት። ከቤታችን የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እዚያ ያለው መካኒክ ለምን እንዳመጣኋት ስነግረው የብሎን መፍቻውን ከእጁ ጣለ።

"ስንት ደቂቃ ነው የምታሞቃት?"

"ሃያ አምስት።"

"ሃያ አምስት! ሰውዬ፣ ሦስት ደቂቃ ይበቃታል። ሌላው ናፍጣ እያቃጠሉ ጎረቤት ማጨስ ነው። በዚያ ላይ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓዋ አርጅቷል፣ ጭሷ እንደዚህ መጥቆር አልነበረበትም።"

ሃያ ሁለት ዓመት! ኩም አልኩ። ፖምፓዋን እንዲያስተካክለው ትቼለት በእግሬ ወደ ቤት አዘገምኩ። ሹፌር በእግሩ ሲሄድ ያየ ሰው ሁሉ ደግሞ "ምነው፣ ምን ደረሰብህ?" ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ታሪኩን ከነምክንያቱ ተረኩላቸው፤ ለሦስተኛው "ስፖርት ነው" አልኩት። አማቴ ባዶውን ግቢ ከበረንዳ ሆነው አዩና "ሰፋ" አሉ። ይህም ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ብዙ ነው።

አሁን ዳኛዋ የምትነፋው ሳሎን ውስጥ፣ ሁላችንም እያየናት ሆነ። መቶ ሰማንያ አምስት። መቶ ዘጠና አምስት። ሁለት መቶ አምስት። ከመንገድ ተመልሼ ባረፍኩበት ማለዳ ሁሉ መኝታዬ ውስጥ ሆኜ ባልቴቷን ላስነሳ እግሬ ይቁነጠነጥ ነበር፤ ግን ልጄ በሚቀጥለው ክፍል ሳታስል ስትነቃ እሰማና እተኛለሁ። ሁለት መቶ አሥር። ሁለት መቶ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ እኔም አነሳሁት፣ ተፈታ። እንዲህ ማሰብም አንድ ዓይነት ጉራ መሆኑ አልገባኝም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ንፋስ የሚባል ጠፋ። ከኋላችን ያለ አንድ ሰው የሳምንት ቆሻሻውን ከነፕላስቲኩ ለኩሶት ነበር፤ ዋናው መንገድ ላይ ደግሞ የባልቴቷ እኅቶች ተሰልፈው ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ጭሱ ሁሉ ሰፈራችን ላይ ተኝቷል። ልጄ ነፋች። መቶ ስልሳ። መቶ ስልሳ አምስት። መቶ ስልሳ።

ብዕሩን አነሳች። ግን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈችውም። ቀና ብላ አየችኝ።

"ስንት ሆነ?" አልኳት።

"ባልቴቷ እኮ የለችም" አለች፣ ጠበቃዬ ሆና። "አንተ አይደለህም ያመጣኸው።"

"ስንት ሆነ፣ የኔ እናት?"

"መቶ ስልሳ አምስት።"

"በይ ጻፊው።"

"አትሄድም?"

"ዜሮም ብትነፊ አልሄድም።"

"ዜሮ የሚነፋ ሰው እኮ የለም፣ አባዬ" አለች፣ እንደ ልማዷ ስታርመኝ። "ዜሮ ማለት መሞት ነው።"

ሚስቴ ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሰማያዊውን አመጣሁላትና ስባ እስክትጨርስ ጀርባዋን ይዤ ቆምኩ። ትንፋሿ ሲመለስላት ብዕሯን አነሳች፤ አባዬ ያለባቸው ቀኖች በሚለው ሥር፣ በጥንቃቄ፣ መቶ ስልሳ አምስት ብላ ጻፈች። በዚያ መዝገብ ውስጥ እኔ ቤት እያለሁ የተጻፈ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ቁጥር እሱ ነው።